ነፍስ ይማር ብለን ስንስቅ ዋልን

የአንድ ሟች ኮሜዲያን ሙት ዓመት ሲደርስ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ፎቶው ከሻማ ጋር ይወጣል። ከሥሩ "ነፍስ ይማር" ይደረደራል። እኔም እጽፋለሁ፣ እናንተም ትጽፋላችሁ። ከዚያ ጣታችን ወደ ቀጣዩ ቪዲዮ ያልፋል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲያስቀን ኖሮ፣ እኛ ፊታችንን አጨፍግገን እናስበዋለን። ይሄ ነገር ሁሌም ይከነክነኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት እዚህ ጅማ፣ አብረን ያደግን የሰፈር ልጆች ሌላ ነገር ሞከርን። የድሮ ካሴት ከየቤቱ አሰስን። የተበላሸውን ጠገንን። ቡና አፈላንና ቁጭ ብለን ሰማን። በሳቅ ፈረስን ማለት ይቀላል። በከተማችሁ፣ በዕድራችሁ ወይም በቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ ለምትፈልጉ ይጠቅማል ብዬ፣ የሠራውንም ያልሠራውንም እጽፋለሁ።

መጀመሪያ "ማንን ነው የምናስበው?" የሚለው ላይ ተስማሙ። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የአንድ ሰፈር ልጆች ብንሆንም በዕድሜ ስለምንለያይ የሳቅንባቸው ሰዎችም ይለያያሉ። ታላላቆቻችን "አባባ ተስፋዬ ሳይጠሩ አይሆንም" አሉ። ልክ ናቸው። ተስፋዬ ሳህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረዋል። ከዚያ በፊት የመድረክ ሰው ነበሩ፤ ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር። ኮሪያ የዘመተውን ጦራችንንም አዝናንተዋል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ። "የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች" ሲሉን የምር አበባ የሆንን ይመስለን ነበር። ፍሬው የት ደረሰ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

የእኔ እኩዮች ልብ ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው። አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ። ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ አዳራሹን በሳቅ የሚያፈርሰው ተስፋዬ ካሳ። ከእነዚህ አለባቸው፣ ሀብቴና ተስፋዬ ዛሬ በሕይወት የሉም። አለባቸው ኋላ ላይ "አለቤ ሾው"ን ይዞ ሲመጣ፣ የምናውቀው ቀልደኛ፣ ሰው ፊት ተቀምጦ ሲያወራና ሲያዳምጥ ማየት ለእኛ አዲስ ነገር ነበር። በመኪና አደጋ ሞተ ሲባል ቡና ቤት ውስጥ ስኒያቸውን እንደያዙ የቀሩ ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ታናናሾቻችን ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ያረፈውን ታሪኩ ብርሃኑን (ባባን) ካልጨመራችሁ አንመጣም አሉ። እነሱ ያደጉት በፊልም ነው፤ ካሴት ምን እንደሆነ አያውቁም።

ምክሬ፦ ሁሉንም በአንድ ቀን እናስብ አትበሉ። ስም ሲበዛ ነገሩ የጸሎት መጽሐፍ ንባብ ይመስላል። ሁለት ሦስት ሰው ምረጡ። ሌላውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ትዝታው ከየት እንደሚጀምር ደግሞ ልንገራችሁ። እኛ ከኮሜዲያኑ ታሪክ አልጀመርንም፤ ቀልዱ ጅማ እንዴት እንደደረሰ ከማውራት ጀመርን። ያ ነው አፍ ያስከፈተን። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ያኔ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ነው የሚወስደው፤ ወሊሶን፣ ወልቂጤን አልፎ፣ ጊቤ በረሃ ወርዶ ወጥቶ። አዲስ የቀልድ ካሴት በዚያ መንገድ በሾፌር እጅ ይመጣና አንዱ ካሴት ቤት ይገባል። ከዚያ ይቀዳል፣ የተቀዳው ይቀዳል። አራተኛ እጅ ሲደርስ ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ግድ የለንም፤ እንስቃለን።

ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። በእኛ መንደር ያለው የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ በሩ ለሁሉም ወለል ብሎ ይከፈታል። የክረምቱ ጭቃ ገና ስላልደረቀ ጫማ ውጭ ይወልቃል፤ ስንወጣ የማን ጫማ የማን እንደሆነ ለመለየት ሌላ ድራማ ነው። ታዲያ ሥዕሉ ይጠፋል። አንድ ልጅ ይወጣና የአንቴናውን እንጨት ያዞራል።

"አሁንስ?"

"ኧረ ትንሽ መልሰው!"

"አሁንስ?"

"በቃ! በቃ! እንዳትነካው!"

ልጁ እንጨቱን ከለቀቀ ሥዕሉ ይሄዳል። ስለዚህ ያዝ ይባላል። እሱ ውጭ ቆሞ የሚሰማው የእኛን ሳቅ ብቻ ነው። በማግሥቱ "ምን ነበር ያለው?" እያለ እያንዳንዳችንን ሲለምን ይውላል። እኛም እንነግረዋለን፤ ግን ሁላችንም የተለያየ ነገር ነው የምንነግረው። ይሄ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ዝግጅታችን ላይ የክብር ቦታ ሰጥተነዋል፤ ከቴፑ ፊት ለፊት።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ካሴት የት ይገኛል? ከእኛ ልምድ፣ ካሴት ቤት የነበራቸው ሰዎች ጋ ብዙም የለም፤ ሸጠውታል ወይም ጥለውታል። ዋናዎቹ ሾፌሮች ናቸው። የረጅም መንገድ ሾፌር ቀልድ የሚሰማው እንቅልፍ እንዳይወስደው ነው። መኪናውን ሲሸጥ ካሴቱን ቤት ያስገባል። ጡረታ የወጣ ሾፌር የምታውቁ ከሆነ እዚያ ጀምሩ። ቀጥሎ አልጋ ሥር ያለ ሻንጣ ነው። እናቶችን ጠይቁ። አባቶች "ድሮ ተጥሏል" ይላሉ፤ እናቶች የት እንዳለ ያውቃሉ።

ያገኛችሁትን ካሴት እባካችሁ ወዲያው ቴፕ ውስጥ አትክተቱት። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። እዚህ ልብስም ይሻግታል፣ ካሴትም ይሻግታል። በካሴቱ መስኮት በኩል የተጠቀለለውን ክር እዩት። ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለውን ከሌሎቹ ለዩና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ምድጃ አጠገብም አይቀመጥም። ሙቀት ክሩን ያጣምመዋል።

እኛ አንድ የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ አግኝተን ነበር። ሱቃቸው አሁን የሞባይል ቻርጀር ነው የሚሸጠው፤ ቴፑን ግን መደርደሪያ ላይ በፌስታል ሸፍነው አስቀምጠውታል። "ጋሼ፣ ይሄን ያድኑልናል?" ስንላቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንዱን ካሴት ጆሮአቸው ጋ አስጠግተው ነቀነቁት።

"የሚንኳኳ ነገር አለ። ስፖንጇ ወልቃለች" አሉ። እውነትም ስንከፍተው ክሩን ከሄዱ (ድምፁን ከክሩ ላይ ከሚያነበው የቴፑ ክፍል) ጋር የምታጣብቀው ትንሿ ስፖንጅ ወልቃ ጥግ ላይ ወድቃለች። እሷ ከሌለች ድምፁ ይታፈናል። ከማይፈለግ ካሴት አንዷን አውጥተው ተኩልን።

እሳቸው ካስተማሩን ውስጥ ማንም ቤቱ ሊያደርገው የሚችለውን ልንገራችሁ። ቢክ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ አስገብታችሁ ካሴቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ጠቅልሉት። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ቴፑ በጉልበት ሲስበው ይበጠሳል። የቴፑን ሄድና ክሩን የምትጎትተውን የላስቲክ ጎማ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጉ። ካሴት የሚበላ ቴፕ አብዛኛውን ጊዜ ጎማው የቆሸሸ ነው። ካሴቱ ላይኛው ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ በስህተት ሪከርድ ቢጫን እንኳ አይጠፋም። ድምፁ እንደ ታፈነ ከቀጠለ ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ብሎን እየሰማችሁ በትንሹ ማዞር ይረዳል፤ ይሄን ግን ለባለሙያ ብትተዉት ይሻላል።

ወደ ኮምፒውተር መገልበጡ ከባድ አይደለም። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ የሚሄድ ኬብል ይበቃል። ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዋናው ነገር የመጀመሪያውን ማጫወት ራሱን መቅዳት ነው። "እስቲ መጀመሪያ እንስማው፣ ከዚያ እንቀዳዋለን" እንዳትሉ። ያረጀ ካሴት ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል። መጀመሪያ ድምፁን ሳይቀንስ በሚይዘው በዌቭ ፋይል አስቀምጡት፣ ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒስሪ በኋላ ታወጣላችሁ። የቪዲዮ ካሴት ከሆነ ግን ቤት አትሞክሩት። የሻገተ ቪዲዮ ካሴት ማጫወቻውን፣ ዴኩንም፣ ይዞት ይሄዳል።

አንድ ነገር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ተከራክሬያለሁ። አንዱ በኮምፒውተር ጫጫታውን አጥርቶ "ንጹሕ" አድርጎ አመጣው። ሲሰማ ጥሩ ነው፤ ግን የሆነ ነገር ጎድሏል። አንዱ ካሴታችን የተቀዳው ቴፑን ከቴሌቪዥኑ ስፒከር ጋር በማስጠጋት ነው። ውስጡ የቤቱ ድምፅ አለ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ስኒ። "ዝም በሉ፣ እየተቀዳ ነው!" የምትል እናት። ከዚያ ከሁሉም በላይ የቤቱ ባለቤት ሳቅ፤ ቀልዱ ካለቀ በኋላ ዘግይቶ የሚመጣ፣ ሳል የሚቀላቀልበት። ያ ሰው ከሞተ ቆይቷል። ልጁ ይሄን ሲሰማ "አቁሙት" አለ። ከዚያ "ድገሙት" አለ። ፕሮግራሙ ይሄን ሁሉ ጫጫታ ብሎ አጥፍቶት ነበር። እና ያልተነካውን ቅጂ ሁልጊዜ አስቀሩ። የኮሜዲያኑ ድምፅ ሌላ ሰው ቤትም ሊገኝ ይችላል። የጎረቤታችሁ ሳቅ ግን ያለው እናንተው ጋ ብቻ ነው።

ወደ ዝግጅቱ ስንመጣ፣ ንግግር አታብዙ። እኛ አንድ ወዳጃችን ከስልኩ ላይ የሕይወት ታሪክ ማንበብ ጀምሮ ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግማሹ ሰው ስልኩን አወጣ። አስቆምነውና ካሴቱን ከፈትን። ቡናው ረድቶናል፤ አቦል እስኪፈላ አንድ ቁራጭ ሰማን፣ አቦሉ ሲቀዳ አወራንበት፣ ከዚያ ወደ ቶና። አሥር ደቂቃ ሰምቶ ግማሽ ሰዓት ማውራት ጥሩ መጠን ነው። ሰው የመጣው ለመስማት ብቻ አይደለም። የራሱን ሊያወራ ነው የመጣው።

ልጆች አምጡ፤ ግን አስቀድማችሁ አዘጋጇቸው። የእኛዎቹ መጀመሪያ ላይ ፊታቸው እንደ ግድግዳ ነበር። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ምን እንደሆነ ካላወቀ፣ በእሱ ላይ የተሠራ ቀልድ ምኑ ያስቀዋል? ስቀን ከጨረስን በኋላ ማስረዳት ጀመርን፤ አልሠራም። ቀልድ ከተብራራ አለቀለት። ሁለተኛው ላይ ግን ከመክፈታችን በፊት አንዷ አክስት ስኳር በኩፖን የወሰዱበትን ቀን አጫወተቻቸው። ከዚያ ካሴቱ ሲከፈት ከእኛ ቀድመው ሳቁ።

ስለ አነጋገር ቀልዶች ግን ረጋ ብዬ ልጻፍ። የዚያን ዘመን ቀልድ ግማሹ የብሔረሰቦችን አማርኛ ማስመሰል ነበር። ጅማ ውስጥ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ከፋው አንድ ግቢ ነው የሚኖረው። አንዱ ቁራጭ ላይ ሁላችን ስንስቅ አንዲት አብራን ያደገች ሴት ዝም አለች። "ያኔም አልሳቅኩም" አለች ኋላ ስንጠይቃት። "እናንተ ስለምትስቁ ነበር ፈገግ የምለው።" ይሄን ለብዙ ዓመት አብረናት ስናድግ አላወቅንም። ከዚያ በኋላ ቀጣዮቹን ከመክፈታችን በፊት እየጠየቅን ከፈትን። ጥቂት ቁራጮችን በስብስብ ላይ ላለማጫወት ተስማማን። አላጠፋናቸውም፤ የዘመኑ ማስረጃ ናቸው። ኮሜዲያኑን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ያቺን ቀልድ ግን አልወዳትም።

ከዚያ ደግሞ የቀኑ ትልቁ ሳቅ መጣ። አንዱ ጓደኛችን ፊቱን አጥቁሮ የአንድ ኮሜዲያን ስም ጠራና "ነፍሱን በአጸደ ገነት ያኑርልን" አለ። አሜን አልን። አጠገቡ ያለው ልጅ ስልኩን አወጣና ሰውየው በቅርቡ የሰጠውን ቃለ መጠይቅ ከፈተለት። ሰውየው ወፍሯል እንኳ። "እንግዲያው ረጅም ዕድሜ ይስጥልን" ብለን አረምን። ማኅበራዊ ሚዲያ በየሳምንቱ የሚገድለው ሰው አያጣም፤ ስም ከመጥራታችሁ በፊት አጣሩ። በሕይወት ያለውን ደግሞ በሕይወት እያለ አመስግኑት፤ እኛ በዚያው ቀን በስልክ አፈላልገን ሰላምታ ላክንለት።

ከሁሉም የረካሁበት ግን ከካሴት ውጭ ያለው ነው። በየሰፈሩ ቀልድ ደጋሚ አለ። እኛ ዘንድ አንድ በርጩማ የሚጠርብ ሰው አለ፤ ያቺን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚያወጣ። በወጣትነቱ የእነ ተስፋዬ ካሳን ቀልድ በርጫ ላይ ሲደግም፣ ጫት የማይቅሙ ሰዎች ሳይቀሩ እሱን ለመስማት ይቀመጡ ነበር። ታዲያ እሱ እንደ ካሴቱ አይደግምም። የቀልዱን ሰውዬ ከአዲስ አበባ አንስቶ ሕርማታ ገበያ ያመጣዋል። ግማሹን በአፋን ኦሮሞ ያደርገዋል። አህያ ይጨምርበታል። ከዋናው ጋር አስተያየነው፤ የቀረው ነገር ቢኖር መነሻው ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር የእሱ ይሻላል።

እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ ዛሬውኑ ቅዱት። ካሴት አልጋ ሥር ይቆያል፤ እሱ አይቆይም። ፈቃዱን ጠይቁ። ስልኩን በእጃችሁ አትያዙት፣ የታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጡትና ራቁ። መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም በድምፅ ተናገሩ። ብቻውን አታስቀምጡት፤ ሰሚ የሌለው ደጋሚ ቶሎ ይጨርሳል። የሚስቅ ሰው አጠገቡ ይሁን።

የሰበሰባችሁትን ዩቲዩብ ላይ ለመጫን እጃችሁ ይበላችኋል፤ አውቀዋለሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የተዋናዩና የካሴቱ አሳታሚም የራሳቸው መብት አላቸው። ለራስ መስሚያ አንድ ቅጂ መያዝ ሌላ ነው፤ ለሕዝብ መልቀቅ ሌላ። እኛ አልለቀቅንም። የአንዱን ኮሜዲያን ቤተሰብ የሚያውቅ ሰው አግኝተን፣ እነሱ ዘንድ ላይኖር ይችላል ብለን የገመትነውን ቅጂ በፍላሽ ልከናል። የራሳችንን ሰዎች ትዝታና ደጋሚውን ግን እንደፈለግን እንቀባበላለን።

የአንቴናው ልጅስ? ያኔ ያመለጠውን ሲሰማ አልሳቀም። ዞር ብሎ አየንና "እናንተ ግን እንዲህ አልነበረም የነገራችሁኝ" አለ።

ያልተፈታ አንድ ጉዳይ አለን። ስም ያልተጻፈበት ካሴት አግኝተናል። ድምፁን በእርግጠኝነት የለየው ሰው የለም። አንድ ሰው መታወቂያ ሊያወጣ ቀበሌ ይሄዳል፣ ጸሐፊው ያጉላላዋል፣ ነገሩ እየከረረ ይመጣል፣ ሰውየው "እንግዲያው እውነቱን ልንገርህ" ይላል። እዚህ ላይ ቅርጭጭ ይልና መንዙማ ይጀምራል። የተሰበረውን ጥርስ በፕላስተር ሸፍነው ላዩ ላይ ቀድተውበታል። መንዙማው ደግሞ ውብ ነው፤ መናደድ እንኳ አልቻልንም። እውነቱ ምን እንደነበር በዕለቱ የነበረው ሰው ሁሉ የየራሱን አለ፣ ሁሉም "ማርያምን!" "ወላሂ!" እያለ ማለ፣ አንዱም ከሌላው አልገጠመም። ያው ካሴት ሳይቀዳበት ያለው አንድ የድሮ ሾፌር ሚዛን ተፈሪ ይኖራል ተብለናል። መንገዱ ሲደርቅ ከመስቀል በኋላ እንሄዳለን።